ክትባት ሳይደርስ፦ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝና የከተሞች ውሳኔ

በዕለት ተዕለት ንግግር «ጉንፋን» የሚለው ስም አፍንጫን ከሚያፍን ቀላል ሕመም ጀምሮ ሰውን አልጋ ላይ እስከሚጥል ብርቱ ትኩሳት ድረስ ያለውን ሁሉ ጠቅልሎ የሚይዝ ቢሆንም፣ በሕክምና ሳይንስ ዘንድ ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ኢንፍሉዌንዛ የራሱ ቫይረስ ያለው፣ ድንገት ጀምሮ በከፍተኛ ትኩሳት፣ በራስ ምታት፣ በቁርጥማትና በደረቅ ሳል የሚገለጥ፣ ወደ ሳንባ ከወረደም ለሞት የሚያበቃ የመተንፈሻ አካል በሽታ ነው። ቫይረሱ ጠባዩን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ስለሚለውጥ በየዓመቱ እየተመላለሰ ሰዎችን ያጠቃል፤ ይህም ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ይባላል። አልፎ አልፎ ግን የወፎች ወይም የአሳማዎች ቫይረስ ከሰው ጋር ሲላመድ ወይም ከሰው ቫይረስ ጋር ሲዳቀል፣ የአብዛኛው ሰው ሰውነት ከዚህ ቀደም የማያውቀው አዲስ ዝርያ ይፈጠርና ድንበር ሳያግደው ከአህጉር ወደ አህጉር ይዛመታል፤ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ የሚባለውም ይኸው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1918፣ በ1957፣ በ1968 እና በ2009 የታዩት አራት ወረርሽኞች የዚህ ዓይነት ናቸው።

እንዲህ ያለው አዲስ ዝርያ ሲነሣ ለእርሱ የሚሆን ክትባት አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ሊጠብቅ አይችልም። ቫይረሱን ለይቶ፣ ለክትባት የሚሆነውን ዘር መርጦ፣ አባዝቶና ደኅንነቱን ፈትሾ የመጀመሪያዎቹን ብልቃጦች ለማውጣት በዛሬው የቴክኖሎጂ ደረጃ እንኳ አምስትና ስድስት ወራት ገደማ ይፈጃል፤ እስከ ድሀ አገሮች ገጠር ለመድረስ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ውስጥ መድኃኒት ቤት ሊሞላው የማይችለው የብዙ ወራት ክፍተት አለ። በዚህ ክፍተት ውስጥ ሰዎችን ከሞት የሚያድነው ከመድኃኒት ውጭ ያለው እርምጃ ነው፤ ይኸውም በሽተኛን ለይቶ ማስታመም፣ ከበሽተኛ ጋር የተነካካውን ሰው ለጥቂት ቀናት ለይቶ ማቆየት፣ ትምህርት ቤቶችንና የመሰብሰቢያ ሥፍራዎችን ለጊዜው መዝጋት፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ እጅ መታጠብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሕዝብ እውነተኛውን ነገር በጊዜው መናገር ነው። ወረርሽኝ መሆኑን የሚያውጀው የዓለም ጤና ድርጅት፣ መመሪያ የሚያወጣው የጤና ሚኒስቴር ቢሆንም፣ የትምህርት ቤቱን በር የሚዘጋው፣ የገበያውን ቀን የሚለውጠው፣ የታመመችውን እናት ቤት የሚያንኳኳው የከተማው፣ የወረዳውና የቀበሌው ሰው ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው የአካባቢ ውሳኔ ሲሆን፣ ጥቂት ቀናት መፍጠንና ጥቂት ቀናት መዘግየት በሰው ሕይወት ሲመነዘር ምን ያህል እንደሆነ ማሳየት ነው።

ቀናት ይህን ያህል ዋጋ የሚኖራቸው በቫይረሱ ጠባይ ምክንያት ነው። በኢንፍሉዌንዛ የተያዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መታመሙን የሚያውቅ ሲሆን፣ ሕመሙ ከመሰማቱ አንድ ቀን ገደማ አስቀድሞም ቫይረሱን ወደ ሌላ ማስተላለፍ ይጀምራል። አንድ በሽተኛ በአማካይ ሁለት ሰዎችን ቢያሲዝና ይህም በየሦስት ቀኑ ቢደጋገም፣ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያለ በአንድ ወር ውስጥ አሥር ጊዜ ይታጠፋል፤ አሥር ጊዜ የታጠፈ አንድ ቁጥር ደግሞ ከ1000 ይበልጣል። በዚህ ስሌት ለዘጠኝ ቀናት ያመነታ ከተማ በመጀመሪያው ቀን ከነበሩት በሽተኞች ስምንት እጥፍ ይጠብቀዋል ማለት ነው። እርምጃው በሽታውን ፈጽሞ ባያጠፋው እንኳ የሚዛመትበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ በአንድ ሳምንት ሊታመም የነበረው ሕዝብ በስድስትና በስምንት ሳምንት ተከፋፍሎ ሲታመም ደግሞ አልጋውም፣ ነርሷም፣ ኦክስጅኑም ይዳረሳል። ሊቃውንቱ ይህን የወረርሽኙን ጫፍ ዝቅ ማድረግ ይሉታል።

ለዚህ ሁሉ ዋነኛው የታሪክ መዝገብ የ1918ቱ ወረርሽኝ ነው። በሽታው «የስፓኝ ኢንፍሉዌንዛ» የሚል ስም የወጣለት ከስፓኝ ስለ ተነሣ አይደለም፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ይዋጉ የነበሩ መንግሥታት ጋዜጦቻቸውን በሳንሱር አፍነው ሳለ፣ ገለልተኛ የነበረችው ስፓኝ ጋዜጦቿ የሕዝቡን መታመም በግልጽ ስለ ጻፉ ነው። እውነቱን የተናገረው አገር በበሽታው ስም ሲጠራ መኖሩ ታላቅ በደል ነው። ወረርሽኙ በፀደይ ወራት ቀለል ብሎ ከታየ በኋላ በነሐሴ ገደማ በርትቶ ተመለሰ፤ በወታደር መርከቦችና በባቡሮች እየተጫነ ዓለምን ሲያዳርስ፣ ከዓለም ሕዝብ አንድ ሦስተኛው ማለትም 500 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ተያዘ፣ ቢያንስ 50 ሚሊዮን ያህሉም እንደ ሞተ ይገመታል። ከሌላው ኢንፍሉዌንዛ የሚለየው ሕፃናትንና አረጋውያንን ብቻ ሳይሆን ከ20 እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ብርቱ ጐልማሶች በብዛት መጣሉ ነበር። አብዛኞቹን የገደለው ኢንፍሉዌንዛው ባዳከመው ሳንባ ላይ ባክቴሪያ እየተደረበ የሚያስከትለው የሳንባ ምች ሲሆን፣ ባክቴሪያን የሚያጠፉት መድኃኒቶች በዚያን ጊዜ ገና አልተገኙም ነበር። የሰው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ራሱ ተለይቶ የታወቀው በ1933 ስለሆነ፣ የ1918 ሐኪሞች የሚዋጉትን ጠላት በስሙ እንኳ አያውቁትም ነበር።

ይሁን እንጂ ጠላታቸውን በማያውቁት በእነዚያ ሰዎች ዘመን እንኳ የአንዱ ከተማ ዕጣ ከሌላው እጅግ የተለየ ሆነ። በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ የምትገኘው ፊላደልፊያ በሽታው የገባባት በሴፕቴምበር ወር በባሕር ኃይል የመርከብ ሰፈር በኩል ነው። በሲቪሉ ነዋሪ መካከል የመጀመሪያዎቹ በሽተኞች በሴፕቴምበር 17 ቀን 1918 ከታወቁ በኋላ የከተማው የጤና ኃላፊ ዶክተር ዊልመር ክሩሰን ለሕዝቡ ሥጋት እንዳይገባው ያረጋግጡ ነበር። በሴፕቴምበር 28 ለጦርነቱ ወጪ የሚሆን የብድር ሰነድ ለመሸጥ ታላቅ ሰልፍ ተዘጋጅቶ ስለ ነበር፣ አንዳንድ ሐኪሞች እንዲሰረዝ ቢያሳስቡም ሰልፉ አልቀረም፤ 200 ሺህ ያህል ሕዝብም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ በአንድ ጎዳና ላይ ዋለ። ሦስት ቀን ሳይሞላ የከተማይቱ ሆስፒታሎች አልጋ ሁሉ ሞላ። ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ቲያትር ቤቶች እንዲዘጉ የታዘዘው በኦክቶበር 3 ሲሆን፣ ይህም የመጀመሪያዎቹ በሽተኞች ከታወቁ ከ16 ቀናት በኋላ ነው። በዚያ ወር ውስጥ በአንድ ቀን ብቻ ከ700 በላይ ሰዎች የሞቱበት ጊዜ ነበር፤ የሬሳ ሣጥን ጠፋ፤ መቃብር ቆፋሪ ስለ ታጣ በመኪና አካፋ ረጃጅም ጉድጓድ እየተማሰ ብዙ ሰው በአንድነት ተቀበረ፤ የስልክ ሠራተኞች በመታመማቸው የስልክ ኩባንያው ሕዝቡ አስቸኳይ ካልሆነ በስተቀር እንዳይደውል እስከ መለመን ደረሰ። የካቶሊክ መነኮሳይያት ከገዳማቸው ወጥተው በየቤቱና በየሆስፒታሉ በሽተኛ ማስታመማቸው በዚያች ከተማ ታሪክ ውስጥ በክብር የሚነሣ ሥራ ነው።

በአገሪቱ መካከለኛ ክፍል በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የምትገኘው ሴንት ሉዊስ በሽታው ዘግይቶ ስለ ደረሰባት ሁለት ሳምንት ያህል የመዘጋጃ ጊዜ ማግኘቷ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ያገኘችውን ጊዜ አላባከነችም። የጤና ኮሚሽነሯ ዶክተር ማክስ ስታርክሎፍ በሽታው ገና ሳይገባ የምሥራቁን ከተሞች ወሬ ይከታተሉ ስለ ነበር፣ ሐኪሞች በኢንፍሉዌንዛ የተያዘ ሰው ሲያዩ ወዲያው ለጤና ቢሮው እንዲያሳውቁ አስቀድመው ጠየቁ። በሽታው በነዋሪው መካከል በኦክቶበር 5 ሲታወቅ፣ ከከተማው ከንቲባ ሥልጣን ተቀብለው በሁለተኛው ቀን በኦክቶበር 7 ትምህርት ቤቶችን፣ ቲያትርና ሲኒማ ቤቶችን፣ የጸሎት ቤቶችንና የሕዝብ ስብሰባዎችን ዘጉ። ነጋዴው ገቢው ስለ ቀረበት፣ ምእመናኑ አምልኮታቸው ስለ ተቋረጠባቸው ኮሚሽነሩን አጥብቀው ይወቅሷቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ለሳምንታት በውሳኔያቸው ጸኑ። በኋላ የተሠራው ስሌት እንደሚያሳየው ፊላደልፊያ በከፋባት ሳምንት ከእያንዳንዱ 100 ሺህ ነዋሪ 257 ሰው ስትቀብር፣ የሴንት ሉዊስ የከፋው ሳምንት ግን 31 ነበር። እስከዚያ ዓመት ዲሴምበር መጨረሻ አቅራቢያ ድረስ ባለው ጠቅላላ ስሌት ደግሞ ፊላደልፊያ ከ100 ሺህ 719፣ ሴንት ሉዊስ 347 ሰው አጥተዋል። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት የሰው ነፍስ እንጂ የሒሳብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ማሰብ ይገባል።

የሴንት ሉዊስ ታሪክ ግን እንዲሁ በድል አልተደመደመም። በኖቬምበር አጋማሽ በሽታው የበረደ ስለ መሰለ፣ ጦርነቱም በኖቬምበር 11 ስላበቃ፣ እገዳው ላላ፤ ወዲያው የበሽተኛው ቁጥር ዳግመኛ ወጣ፤ እገዳውም ተመለሰ። ከዚህ የተነሣ በሁለተኛው ዙር የሞተው ሰው ቁጥር ቀላል አልነበረም። በ2007 የታተመና 43 የአሜሪካ ከተሞችን ለ24 ሳምንታት የተከታተለ ጥናት እንዳመለከተው፣ በሕዝባቸው ላይ የደረሰው ሞት ያነሰው ቀድመው የጀመሩት፣ አንድ እርምጃ ብቻ ሳይሆን ብዙ እርምጃዎችን አጣምረው የወሰዱትና እርምጃቸውን ቶሎ ያላነሡት ከተሞች ናቸው። ከሦስቱ ነጥቦች ለአስተዳዳሪዎች እጅግ የሚከብደው የመጨረሻው ይመስላል፤ ሕዝብ በፍርሃት ጊዜ መዝጋትን ይቀበላል፤ ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ ግን «ለምን እስካሁን?» የሚለው ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይነሣል፤ እርምጃው የሠራ መሆኑ ራሱ እርምጃው አያስፈልግም የሚያሰኝ መከራከሪያ ይሆናል።

ይህ በይበልጥ የታየው በሳን ፍራንሲስኮ ነው። ይህች ከተማ ተስፋዋን አብልጣ የጣለችው ከሻሽ በተሰፋ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ላይ ነበር፤ በኦክቶበር ወር መጨረሻ ሁሉም ሰው ከቤቱ ውጭ እንዲሸፈን በሕግ ታዘዘ፤ ያልሸፈነውም ይቀጣና ይታሰር ነበር። በኖቬምበር 21 ቀን እኩለ ቀን ላይ ፊሽካ ተነፍቶ ሕዝቡ በደስታ ሻሹን እያወለቀ መንገድ ላይ ጣለው። በሽታው ግን ተመለሰ፤ በጃንዋሪ 1919 አዋጁ እንደገና ሲወጣ፣ መሸፈኛ አንለብስም የሚል ማኅበር ተቋቁሞ ሕዝቡ ተከፋፈለ። የዚያ ዘመን ሻሽ በቂ መከላከያ አልነበረም፤ ከዚህም በላይ አንድን እርምጃ ብቻ እንደ ጋሻ ይዞ ሌላውን ማላላት ከተማዋን ዋጋ አስከፍሏታል።

ሳን ፍራንሲስኮ መሸፈኛዋን ያወለቀችበት ኖቬምበር 21 ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 1911 ዓ.ም.፣ የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ነው። በዚያን ወር አዲስ አበባ በዚሁ በሽታ እየተጠቃች ነበር። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ወይም «የነፋስ በሽታ» ሲል የጠራው ይህ ወረርሽኝ የገባው ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በዙፋን፣ ራስ ተፈሪ መኰንን በአልጋ ወራሽነትና በእንደራሴነት በነበሩበት ጊዜ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው ከአንድ ዓመት በፊት በመሆኑ፣ በበቅሎና በግመል ሳምንታት ይፈጅ የነበረው የባሕር ወደቡ መንገድ በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ሆኖ ነበር፤ እንግዲህ በጉዞው ርዝመት ተለይቶ ይታወቅ የነበረው በሽተኛ ሳይታወቅበት ከተማ የሚገባበት ዘመን ነበር። በከተማዋ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የነበረ ቢሆንም ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በሽታን የሚከታተል፣ በሽተኛን የሚመዘግብና መመሪያ የሚሰጥ ራሱን የቻለ የጤና መሥሪያ ቤትም አልነበረም። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው በብርቱ ከተጨነቁ በኋላ መዳናቸውን በግለ ታሪካቸው ጽፈዋል።

በአዲስ አበባ ብቻ እስከ 10 ሺህ የሚደርስ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል፤ ይህም በዚያን ጊዜ ለነበረችው ትንሽ ከተማ እጅግ ከባድ ቁጥር ነው። አንድ ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ቤት ውስጥ ሲታመም ውኃ የሚያቀብል፣ እሳት የሚያነድድ ሰው ይታጣል፤ በሽታው ካልገደለው መካከል ጥሙና ረኀቡ የሚገድለው አለ። ቀባሪ ስለ ጠፋ ሬሳ በየቤቱ ቀረ፤ የተቀበረውም ጉድጓዱ ጥልቀት ስላልነበረው ጅብ እያወጣ ይበላው ነበር። ይህ ሁኔታ የሚያስረዳው ትልቅ ነገር አለ፤ በወረርሽኝ ጊዜ የአካባቢ ጤና ጥበቃ ሥራ መርፌና ክኒን ብቻ ሳይሆን ውኃ ማቀበል፣ ምግብ ማድረስና ሙታንን በክብር መቅበር ጭምር ነው። በእንዲህ ያለው ቀን ሰውን ከሞት የሚያተርፈው ብዙ ጊዜ አንዲት ስኒ ውኃ ናት።

የዚያ ዘመን ሰው በሽታው በነፋስና በመጥፎ ሽታ እንደሚመጣ ያምን ነበር፤ በአውሮፓም ቢሆን ይህ እምነት ለብዙ ዘመናት የሐኪሞች ትምህርት ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ አየሩን ለማንጻት ቆሻሻው እየተሰበሰበ ተቃጠለ፤ ከዚያም ወዲህ ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር በየሰፈሩ ጉድፍ ጠርጎ ማጨስ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባል ልማድ ሆኖ ከ100 ዓመት በላይ ኖሯል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽና በንክኪ የሚተላለፍ እንጂ ከቆሻሻ ክምር የሚነሣ ስላልሆነ ጭሱ በሽታውን አልገታውም፤ ዛሬ ላስቲክና ጎማ በተቀላቀለበት ቆሻሻ ላይ የሚነሣው ጭስ ደግሞ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ የከተማው ኃላፊዎች ነዋሪው ሳያቃጥል እንዲያጸዳ ሲያሳስቡ ይሰማል። ቢሆንም ልማዱን እንደ ተራ አጉል እምነት ማጣጣል ተገቢ አይሆንም። በአንድ ቀን፣ አዋጅ ነጋሪ ሳያስፈልገው፣ ሀብታሙም ድሀውም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከየደጁ ወጥቶ መንደሩን የሚያጸዳበት ሥርዓት ብዙ የጤና መሥሪያ ቤቶች በገንዘብ ሊገዙት ቢፈልጉ የማያገኙት ሀብት ነው። ከዚህም ሌላ በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ሰው የገደለውን ያን በሽታ ብዙ ሕዝቦች ፈጽመው ሲረሱት፣ በኢትዮጵያ በስሙና በቀኑ መታሰቡ ያስደንቃል።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በሚርቀው በሰላማዊ ውቅያኖስ ሁለት ጎረቤት የደሴት ግዛቶች ላይ የታየው ነገር በአጭሩ ሊነገር ይገባዋል። በኒውዚላንድ ትተዳደር በነበረችው ምዕራባዊ ሳሞአ፣ ታሉን የተባለች መርከብ ከኦክላንድ በሽተኞችን ጭና በኖቬምበር 7 ቀን 1918 ስትደርስ ያለ ምንም ማቆያ ተሳፋሪዎቿን አራገፈች፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሕዝቡ ከአምስት አንዱ የሚበልጠው፣ 8500 ያህል ሰው አለቀ። በአሜሪካ ሥር በነበረችው ምሥራቃዊ ሳሞአ ግን አገረ ገዥው ጆን ፖየር መርከቦችን በማቆያ ስላገዱና የየመንደሩ ሹማምንት ወጣቶቻቸውን አሰማርተው የባሕሩን ዳርቻ ስለ ጠበቁ አንድም ሰው በወረርሽኙ አልሞተም። የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሄለን ክላርክ በ2002 የሳሞአን ሕዝብ ይቅርታ ጠይቀዋል። በምሥራቃዊ ሳሞአ ትእዛዙ ከአገረ ገዥው ቢወጣም የባሕሩን በር የዘጋው የመንደሩ ሰው ነው።

ዛሬ አንድ ከተማ ወይም ወረዳ ከኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጋር ሲገጥም የሚጀምረው ከማወቅ ነው። የበሽታዎች ቅኝት የሚባለው ሥራ በተመረጡ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ትኩሳትና ሳል ይዞት የመጣውን ሰው እየመዘገቡ፣ ከአፍንጫውና ከጉሮሮው ናሙና እየወሰዱ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ይህን የሚያስተባብረው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ይሁንና ላቦራቶሪው ከመናገሩ በፊት የሚናገሩ ሌሎች ምስክሮች አሉ፤ የአንድ ክፍል ግማሽ ተማሪ በአንድ ሳምንት መቅረቱን የምታየው መምህርት፣ በአንድ መንደር ተከታታይ ለቅሶ መኖሩን የሚያውቀው የእድር ጸሐፊ፣ የትኩሳት ማስታገሻ በብዛት መሸጡን የሚያስተውለው የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ከሁሉ ቀድመው ያውቃሉ። እነዚህ ሰዎች ያዩትን ለማን እንደሚነግሩ አስቀድሞ የተነገራቸው ከሆነ ከተማው የሴንት ሉዊስን ሁለት ቀን ያገኛል፤ ካልሆነ ግን የፊላደልፊያን 16 ቀን ይከፍላል።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ በ1911 ዓ.ም. ያልነበራት አቅም ዛሬ አላት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞችን፣ በአብዛኛው ሴቶችን፣ በየቀበሌው አሰማርቷል፤ በገጠር በየጤና ኬላው ሁለት ሁለት ሆነው የሚሠሩት እነዚህ ሠራተኞች እርጉዟንም፣ አራሷንም፣ አረጋዊውንም በስማቸው ያውቋቸዋል። ኮሮና ከኢንፍሉዌንዛ የተለየ ቫይረስ ቢሆንም የሚተላለፍበት መንገድ ተቀራራቢ ስለሆነ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እውነተኛ ፈተና ነበር፤ የመጀመሪያው በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ በነጻ የሚደወልበት 8335 የስልክ መስመር ለሕዝቡ ተነገረ፣ በአዲስ አበባም ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ምልክቱ ያለበትን ሰው ጠየቁ። በየሱቁ ደጃፍ ውኃና ሳሙና ያስቀመጠው፣ አከራዩም ለተከራዩ የቤት ኪራይ የማረለት በአብዛኛው ሕዝቡ በራሱ ተነሣሥቶ ነው።

ከባዱ ነገር ግን በዚያው ጊዜ በግልጽ ታይቷል። «ከቤት አትውጡ» የሚለው ምክር በየዕለቱ ሠርቶ የዕለት ጉርሱን ለሚያገኘው የቀን ሠራተኛ፣ ለጉሊት ቸርቻሪዋና ለሊስትሮው ጾም እደሩ እንደ ማለት ነው፤ በአንድ ክፍል ስድስትና ሰባት ሆነው ለሚኖሩ ቤተሰቦችም «በሽተኛውን ለብቻው አስተኙ» የሚለው ትእዛዝ ሊፈጸም የማይችል ነው። የአካባቢ አስተዳደር ይህን አስቀድሞ አስቦ እህልና ዘይት የሚደርስበትን፣ ቤቱ ጠባብ የሆነበት በሽተኛ የሚያድርበትን ንጹሕ ማቆያ ካላዘጋጀ፣ ሕዝቡ ትእዛዙን ቢጥስ የሚወቀሰው ሕዝቡ ሊሆን አይገባም። ለቅሶም እንዲሁ ነው፤ ሐዘንተኛን ማጽናናት በኢትዮጵያ ከግዴታ በላይ ክቡር ነገር ስለሆነ ድንኳን ተክሎ መሰብሰብን በደረቅ ትእዛዝ መከልከል ቂም እንጂ ጤና አያመጣም። እድሮች፣ የደብር አለቆችና ኢማሞች ከመጀመሪያው ተማክረውበት ለቀስተኛው በተራ በተራና በጥቂት በጥቂት እንዲደርስ፣ የእድሩም ገንዘብ ለሟች ቤተሰብ ሳይዘገይ እንዲሰጥ ቢስማሙ ግን ሐዘኑም ይከበራል፣ መዛመቱም ይቀንሳል።

የጤና ሠራተኞቹን ደኅንነት መጠበቅም ከሁሉ ሊቀድም የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም በሽተኛ ሲያስታምሙ ራሳቸው የሚወድቁ ከሆነ የሚተካቸው የለም፤ ክትባት ሲመጣም ከእርጉዞችና ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ሰዎች ጋር በመጀመሪያው ረድፍ የሚሰለፉት ለዚህ ነው። በ2009 የተነሣው ወረርሽኝ እርጉዝ ሴቶችን በተለየ ሁኔታ ማጥቃቱ መረሳት የለበትም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን እምነት ያስፈልጋል። የፊላደልፊያ ባለሥልጣናትና ጋዜጦች «የሚያሰጋ ነገር የለም» ሲሉ ሕዝቡ በዐይኑ ሬሳ ያይ ስለ ነበር፣ በኋላ እውነት ሲናገሩም የሚያምናቸው አጡ፤ ፍርሃትን ለማስወገድ ተብሎ የተነገረው ሐሰት ፍርሃትን አበዛው። ኃላፊ የሆነ ሰው ዛሬ የሚያውቀውን ዛሬ፣ ነገ የሚለወጥ ከሆነም ለምን እንደ ተለወጠ ነገ ቢናገር፣ ሕዝቡ ከባዱንም ነገር ይሸከማል። ይህም የሚሆነው በሽታው ከመምጣቱ በፊት፣ በሰላሙ ጊዜ የጤና ጣቢያው ሰው በመንደሩ የሚታወቅና የሚታመን ሲሆን ነው። የወረዳው የጤና ጽሕፈት ቤት የትኛው ትምህርት ቤት ማቆያ እንደሚሆን፣ ሬሳ ማን እንደሚያነሣ፣ እህል ከየት እንደሚመጣ የሚጽፈውም በዚሁ በሰላሙ ጊዜ እንጂ ሳሉ ከተሰማ በኋላ አይደለም።

የሚቀጥለው ኅዳር 12 ሲመጣ አንባቢ ደጃፉን ጠርጎ የሰበሰበውን ቆሻሻ ሳያቃጥል ለሚያነሡት ማኅበራት ያስረክብ፤ በዚያው ቀንም ከእድሩ ሊቀመንበርና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆኖ በመንደሩ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና አልጋ የያዙ ሕሙማንን ስም በአንድ ደብተር ይመዝግብ።